የአይናለም ድስት

አቺየንግ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ አቶ አሊ ሰባን ካለፉ ሰንብተዋል። እሷ ከኬንያ፣ ከኪሱሙ ከተማ፣ ወንጌል ልትሰብክ በአውሮፕላን መጣች፤ እሳቸው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ፣ ከወረባቦ፣ በጭነት መኪና ተጭነው መጡ። እሷ ስትስቅ በማንጎው ዛፍ ላይ ያረፉት ወፎች ይነሣሉ፤ እሳቸው ሲስቁ የሚንቀሳቀሰው ጺማቸው ብቻ ነው። እሷ ያሰበችውን ሁሉ ትናገራለች፤ እሳቸው ከተናገሩት ይልቅ ያልተናገሩት ይበዛል። ፀሐይ በረድ ሲል፣ እሷ የማኅበሯ ዓርማ የታተመበት ካናቴራ ለብሳ፣ እሳቸው ነጭ ቆባቸውን ደፍተው፣ በግቢው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ በአቦቦ መንገድ የሚያልፍ ሰው አንገቱን ጠምዘዝ ሳያደርግ አያልፍም ነበር።

ሁለቱን ያገናኛቸው የቤት እጦት ነው። አቺየንግን የላካት የወንጌል ማኅበር ወጣት አገልጋዮቹ በአንድ ሥፍራ ተደላድለው እንዲቀመጡ አይወድም። በጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ዳር፣ ዓመት ከመንፈቅ ሠርታ ገና የሰፈሩን ሰው በስም መጥራት ስትጀምር፣ አስተባባሪዋ ቤርሳቤ ወደ አቦቦ መዛወሯን ነገረቻት።

"የት ነው የማርፈው?" ብላ ጠየቀች አቺየንግ።

"ትርፍ ክፍል ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ተገኝተዋል" አለች ቤርሳቤ። "ችግሩ፣ ሙስሊም ናቸው።"

"ችግሩ የእሳቸው ነው ወይስ የእኛ?"

ቤርሳቤ ሻንጣዋን አነሣችላት። አቶ አሊም በበኩላቸው ስለ ተከራይዋ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ታጨሳለች?"

"ኧረ በፍጹም፣ አባባ።"

"እንግዲያው ትግባ።"

በግቢው ውስጥ ከአቶ አሊ ሌላ ምራታቸው ፍርዶስ ከሕፃን ልጇ ጋር ትኖራለች፤ ባሏ ሷሊህ ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጋምቤላ ነው የሚያድረው። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ እማማ አይናለም ነበሩ። እማማ አይናለምና አቶ አሊ ከወሎ የመጡት በአንድ መኪና ነው። ወባው ሲፈጃቸው የአንዱን ዘመድ ሬሳ ሌላው ተሸክሟል፤ የመጀመሪያውን በቆሎ በአንድ አውድማ ላይ ወቅተዋል። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለው አጥር ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረው። አጥሩ በታደሰ ቁጥር ክፍተቱ አብሮ ይታደሳል።

ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ የታወቀ ነው። ሁለቱ ቤቶች በዚህ ምክንያት ተራርቀው አያውቁም፤ ሥራ ጨመረባቸው እንጂ። ለአረፋ የእማማ አይናለም ልጅ በሪሁን፣ በጋምቤላ የጤና ባለሙያ የሆነው፣ ወደ አቶ አሊ ግቢ መጥቶ ለክርስቲያን እንግዶች በግ ያርዳል። ለፋሲካ አቶ አሊ የራሳቸውን ቢላዋ ይዘው አጥሩን ይሻገሩና ለሙስሊሞቹ ያርዳሉ። በፍርዶስ ወጥ ቤትም፣ ከግድግዳው ከፍ ብሎ በተመታ ሚስማር ላይ፣ አንድ ትልቅ ድስት ከጭልፋውና ከቢላዋው ጋር በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይሰቀላል። እሱ የአይናለም ድስት ነው። የአቶ አሊ ቤተሰብ አንድም ቀን ሽሮ እንኳ አልሠራበትም። እማማ አይናለም ከዚያ ድስት የወጣ ወጥ ሲቀርብላቸው ማን አረደው፣ ማን ሠራው ብለው ጠይቀው አያውቁም፤ አማትበው መብላት ነው።

ይህን ሁሉ ለአቺየንግ የነገራት አልነበረም። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ይናገራል?

ጥምቀት እንዳለፈ አቺየንግ ጎረቤቶቿን ለማመስገን ግብዣ ለማድረግ አሰበች። ውጥኗን ስታወጣም እንደ አገሯ ልማድ አወጣችው። በኪሱሙ ሥጋ ቤት የሚያርደው ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኑም ከዚያው ገዝቶ ይበላል፤ ስለዚህ ሙስሊም ያረደው ሥጋ ለሁሉ የሚሆን ሥጋ ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰላትም። አንድ ድልብ ፍየል ገዝታ አቶ አሊ ፊት አቆመች።

"አባባ አሊ፣ ያርዱልኛል?"

"ለእንግዶች ነው?"

"ለእንግዶች ነው።"

አቶ አሊ ቢስሚላህ ብለው አረዱላት። ለክርስቲያኖቹ በሪሁን ሌላ ሊያርድ ይመጣል ብለው ገምተዋል፤ መጠየቅም አስበው ነበር። የቀትር ሶላት ደረሰና ሄዱ፤ ከመስጊድም በዚያው ወደ እርሻቸው አለፉ። ፍርዶስ ደግሞ ባሏን ልትጠይቅ ማለዳ በሚኒባስ ጋምቤላ ወርዳለች። በወጥ ቤቱ ውስጥ አቺየንግ ብቻዋን ቀረች፤ ፍየሉ ትልቅ ሆኖ ድስቶቹ ሁሉ አነሱባት። ቀና ብትል ከነጩ ጨርቅ ሥር አንድ ሰፊ፣ የጠራ፣ ጥላሸት የሌለው ድስት አየች። ፍርዶስ ያንን ድስት ለማውረድ በርጩማ ላይ መቆም ያስፈልጋታል። አቺየንግ ግን ረጅም ናት፤ እጇን ብቻ ዘረጋች።

እንግዶቹ ከማንጎው ጥላ ሥር በምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። በዕድሜ ታላቋ እማማ አይናለም ስለነበሩ መጀመሪያ የቀረበው ለእሳቸው ነው። ድስቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ድስቴን አወረድሽልኝ?"

"ከሁሉ የሚተልቀው እሱ ነው፣ እማማ።"

"ትልቅማ ነው። ከእኔም ይተልቃል።"

አማተቡና በሉ። ጥርሳቸው ከተመናመነ ወዲህ ሥጋ ብዙም አይደፍሩም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ደገሙ። አቺየንግ የኪሱሙን አቀቃቀል እየነገረቻቸው፣ እሳቸውም "በርበሬሽን ረስተሽው ነው ወይስ ሰስተሽ?" እያሉ ሲያስቋት ቆዩ።

"ለመሆኑ በሪሁን መቼ መጥቶ ነው ያረደልሽ?" አሉ በመካከሉ። "እናቱን ሳይስም ተመለሰ?"

"በሪሁን አልመጣም" አለች አቺየንግ ጭልፋውን እንደያዘች። "አባባ አሊ ናቸው ያረዱልኝ። እጃቸው እንዴት ፈጣን ነው።"

የእማማ አይናለም እጅ ከትሪውና ከአፋቸው መካከል ቆመ።

አጠገባቸው ገና ሊጎርሱ የነበሩት ሴቶች ጉርሻቸውን ቀስ ብለው መለሱ። ከእርሻ የተመለሱት አቶ አሊ እግራቸውን እየታጠቡ ነበርና ጣሳውን እንደያዙ ቀሩ፤ ውሃው በእግራቸው ላይ ሳይሆን በአቧራው ላይ ይፈስ ጀመር። በዚያው ቅጽበት ፍርዶስ ልጇን አዝላ ከመንገድ ገባች። በወጥ ቤቱ በር ባዶውን ሚስማር አየች፤ ከዚያም ድስቱን አየች። የተሸከመችውን ዘንቢል መሬት ላይ አስቀመጠችው። ማንም አልጮኸም። ጩኸት ቢሆን አቺየንግ ታውቅበት ነበር፤ በትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ያደገች ልጅ ናት። እንዲህ ያለ ዝምታ ግን አይታ አታውቅም።

እማማ አይናለም ጉርሻውን በትሪው ጠርዝ አኖሩት።

"አያ አሊ።"

"አቤት፣ እቴ አይናለም።"

"ያንተ እጅ ነው?"

"የኔው እጅ ነው።"

"ድስቱስ?"

አቶ አሊ ድስቱን አዩትና አንገታቸውን ደፉ። እማማ አይናለም ውሃ ጠይቀው ታጠቡ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው በአጥሩ ክፍተት ወደ ቤታቸው አለፉ። የሚደግፋቸው እጅ ከግራም ከቀኝም ቢዘረጋም አልያዙትም።

"ምን አደረግሁ?" አለች አቺየንግ።

ፍርዶስ ነገረቻት። ስትጨርስ አቺየንግ፣ "እኔ እኮ ለሁሉም እንዲሆን ብዬ ነው" አለች። "እኛ አገር ሁሉም ይበላዋል።"

"ይበሉት። እሳቸው ግን ሥጋውን አምነው አይደለም የበሉት፤ ድስቱን አምነው ነው።"

"ታዲያ ለምን ማንም አልነገረኝም?"

"ውሃ ያረጥባል ብሎ የሚነግርሽ ሰው ትፈልጊያለሽ?" አለች ፍርዶስ። ከዚያ የልጅቱን ፊት አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ተይው። አሁን ውሃ ጠጪ።"

አቺየንግ በተፈጥሮዋ መላ የማታጣ ናት። በማግስቱ በሞተር ተሳፍራ ወደ አልዌሮ ግድብ ሄደች። እዚያ ኡጁሉ የሚባል አኙዋ ዓሣ አጥማጅ ወዳጅ አላት፤ የእሷ ሉዎና የእሱ አኙዋኛ የሩቅ ዘመዳሞች ስለሆኑ፣ ሲነጋገሩ ግማሹን በቃል ግማሹን በሳቅ ይሞሉታል። የክንድ ያህል ዓሣ መርጦ ሰጣት። ዓሣ አይታረድም፤ የክርስቲያን ዓሣ፣ የሙስሊም ዓሣ የለም። መንገዱን ሁሉ በዚህ ግኝቷ እየተደሰተች መጥታ እማማ አይናለም ደጃፍ ላይ ቆመች።

እሳቸው ዓሣውን ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ አዩት።

"የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ቀኖና ሰጥተውኛል፤ እስከ ቅበላ ጾም ነኝ። ዓሣም ቢሆን አልቀምስም።"

"አላወቅሁም፣ እማማ።"

"አንቺ ልጅ፣ የማታውቂውን ነገር በእጅሽ ይዘሽ ነው የምትመጪው።"

ዓሣውን ይዛ ተመለሰች። አቶ አሊ በአግዳሚው ላይ ነበሩና፣ "እንግዲያው እርስዎ ይብሉልኝ" አለቻቸው።

"ጾም ይዣለሁ።"

"ረመዳን ገና ነው እኮ፣ አባባ።"

ፍርዶስ ናት ወደ ወጥ ቤት ጎትታ ያስረዳቻት። "አደራ በላሁ ብለዋል። አርባ ዓመት የታመንኩበት ድስት በቤቴ ከዳ፤ እቴ አይናለም የሚፈስኩ ቀን እፈታለሁ፣ ከዚያ በፊት ጀምበር ሳትጠልቅ ውሃ አልቀምስም ብለዋል። በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ዕድሜያቸው።"

አቺየንግ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ከአጥሩ ወዲህ አንድ ሽማግሌ፣ ከአጥሩ ወዲያ አንዲት አሮጊት፣ እሷ ለሠራችው ሥራ ሁለቱም ይጾማሉ። ከሦስቱ መካከል ምሳ የበላችው እሷ ብቻ ናት።

ያን ሳምንት እናቷ ከኪሱሙ ስትደውል ነገረቻት፤ እናቷም እስኪበቃት ሳቀች። "ሥጋ አብልተሻቸው ነው የሚያለቅሱብሽ?"

"አያለቅሱም፣ እማ። እየጾሙ ነው።"

"ማናቸው?"

"ሁለቱም። ድስቱን ያበላሸሁት እኔ፣ የምበላውም እኔ።"

የእናቷ ድምፅ ተለወጠ። "ነይ ወደ ቤትሽ፣ ልጄ። ከዚህ በላይ ሳታጠፊ ነይ።"

በሪሁንም ከጋምቤላ በሞተሩ መጣ። ጨዋ ሰው ነውና አልተሳደበም። "አይ አቺ፣ እናቴ እርጅናዋን ይዛ ስግደት ላይ ናት" አላት፤ ከስድብ የባሰባት ይህ ነው። ለቤርሳቤም የነገራት እሱ ነው። ቤርሳቤ በማግስቱ ደወለች።

"ጎግ፣ አኙዋዎቹ ዘንድ፣ ቦታ አለ። እዚያ ቋንቋሽ ይሰማል፤ ማንም ድስት አይቆጥርብሽም። ከቅበላ ማግስት መኪና ይመጣልሻል።"

"ብቀርስ?"

"ብትፈልጊ ትቀሪያለሽ፤ አላስገድድሽም። ግን እማማ አይናለም ከእንግዲህ እዚያ ግቢ ካልበሉ፣ አንቺ አቦቦ ውስጥ ለማን ነው የምትሰብኪው? በማን በር ትገቢያለሽ?"

ቤርሳቤ ልክ ነበረች። በአቦቦ የሚኖረው ሰው ሁሉ ዓይኑን በአጥሩ ክፍተት ላይ ጥሎ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ሊገቡ ነው። አይናለም በቅበላ ቀን ተሻግረው ካልበሉ፣ ሁለቱም ቤቶች ወደ ረጅሙ ጾማቸው ተኳርፈው ይገባሉ፤ ክፍተቱም ሣር ያበቅልበታል።

አቺየንግ መላ መፈለጓን ተወች። በየማለዳው እማማ አይናለም ግቢ እየሄደች፣ ማንም ሳያዛት፣ በቆሎ መፈልፈል ጀመረች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ወደ ቤት አትመለስም። ከሁሉ የከበዳት ረኃቡ ወይም የጣቷ መላላጥ አልነበረም፤ ዝም ማለት ነበር። እማማ አይናለም ከበረንዳቸው ሆነው ብዙ ቀን ዝም ብለው አዩአት። አንድ ቀን ግን አላስቻላቸውም።

"ዛሬስ ምላስሽን የት አስቀመጥሽው?"

"እየጾመ ነው፣ እማማ።"

እማማ አይናለም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ አየችው፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ከኋላ አይለይም። ሲዞሩ፣ "የነቀዘውን ለይው እንጂ፤ ከደኅናው ጋር አትደባልቂብኝ" ብለው ገቡ።

የቅበላ እሑድ ደረሰ። ከማለዳ ጀምሮ በአቶ አሊ ግቢ ሰው ሁሉ ሥራ ያለው መስሎ ያለ ሥራ ይመላለስ ነበር። ሷሊህ እንኳ መኪናውን አቁሞ መጥቷል። አቶ አሊ በአግዳሚው ላይ ከንፈራቸው ደርቆ ተቀምጠዋል። አቺየንግ ሻንጣዋን አሰናድታለች። ቅዳሴ ወጣ፤ ምእመናኑ በመንገድ አለፉ። በክፍተቱ በኩል ግን የሚመጣ አልነበረም።

ከዚያ በመጀመሪያ የገባው በግ ነው። ከበጉ ኋላ በሪሁን፣ ከበሪሁን ኋላ እማማ አይናለም፣ በእጃቸው ጸበል የተሞላ የውሃ ላስቲክ ይዘው።

"ድስቴ የታል?" አሉ።

አቺየንግ አመጣችው። ጸበሉን ከውስጥም ከውጭም ረጩበትና፣ "በይ እጠቢው" ብለው ሰጧት።

በአጥሩ ሥር በሪሁን በስመ አብ ብሎ በጉን አረደ፤ በማንጎው ሥር አቶ አሊ ቢስሚላህ ብለው ፍየል አረዱ። ሁለት እሳት ነደደ። የአይናለም ድስት ጭልፋ ከሌላው እንዳይምታታ አቺየንግ ክር አሥራበታለች። አቺየንግ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሮጥ ሁለቱም ወገን ይጮኹባት ነበር።

"ጭልፋውን!" ይላሉ እማማ አይናለም።

"የትኛውን፣ እማማ?"

"ክር ያሰርሽበትን። ምን ልትሠሪበት ነው ያሰርሽው?"

"እዚህ ደግሞ አረፋውን የሚገፍፍልን የለም" ትላለች ፍርዶስ። "ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለሽ?"

ሁለት ትሪ ቀረበ፤ ምንጣፉ ግን አንድ ነበር። አቺየንግ ከአይናለም ድስት ጨልፋ ለባለድስቷ አቀረበች። በግቢው ውስጥ ያኘከ ሰው አልነበረም። እማማ አይናለም እጃቸውን ዘረጉና አቆሙት።

"ማን አረደው?"

"በሪሁን" አለች አቺየንግ።

"የት?"

"እዚያ፣ አጥሩ ሥር። እርስዎም አይተዋል።"

"ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"ሌላ ምንም አልነካውም?"

"ምንም።"

አማተቡና ጎረሱ። አኘኩ፤ ዋጡ። ከዚያ ወደ አቶ አሊ ዞረው፣ "አያ አሊ፣ እባክህ ውሃ ቅመስ፤ ከንፈርህ ያስፈራል" አሉ። አቶ አሊ ጣሳውን አንሥተው ጠጡ። ሰዉ ሁሉ ባንድ ጊዜ መተንፈስና መብላት ጀመረ።

አቺየንግ ብቻ ቆማ ቀረች። ሌላው ያላስተዋለውን ወይም ያስተዋለ ያልመሰለውን እሷ ሰምታዋለች። ከዚያ ድስት አርባ ዓመት ሙሉ ሳይጠይቁ የበሉ ሴት፣ ዛሬ ጠየቁ። አቶ አሊም ሰምተዋል፤ ሁሉም ሲስቅ የእሳቸው ጺም አልተንቀሳቀሰም።

"መኪናው ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው አይደል?" አለ በሪሁን፤ በደግነት ነው የጠየቃት። "እስከ ጎግ መንገዱ መጥፎ ነው፤ ስንቅ ያዢ።"

"እንዲያውም ከዚሁ ይቋጠርላት" አለች ፍርዶስ፤ ካለች በኋላ ግን ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች።

አቺየንግ ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለሰችው። በምንጣፉ ዙሪያ የተቀመጡትን አየቻቸው፦ አቶ አሊን፣ እማማ አይናለምን፣ ፍርዶስን፣ ሷሊህን፣ በሪሁንን።

"ጎግ አልሄድም" አለች። "ለቤርሳቤ ዛሬ እደውልላታለሁ፤ መኪናውም አይመጣም። ለእናቴም እነግራታለሁ። እማማ አይናለም ከዚህ ድስት ሳይጠይቁኝ እስኪበሉ ድረስ እዚሁ ነኝ።"